መስኮቱን ከየት ጀምረን እናንብበው?

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ካቴድራል በገቡ ቁጥር የመስኮት ፎቶ ይልኩልናል። ሰማያዊና ቀይ የሚያበራ መስታወት፣ በትንንሽ ክብ የተከፋፈለ፣ በየክቡ ውስጥ ሰው የቆመበት፣ የተቀመጠበት፣ የወደቀበት። «እንዴት ያምራል!» እንላለን። ያምራልም። ከዚያ ስልኩን እናስቀምጣለን። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ያ መስኮት ከታች እስከ ላይ የሚናገረው ነገር አለው፤ የሚናገረውን ደግሞ ጎንደር ውስጥ ቅዳሴና ትርጓሜ እየሰማ ያደገ ሰው ከብዙ ሰው ቀድሞ ሊረዳው ይችላል።

እኛም ጋ ያው ነው። ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ እንግዳ መጀመሪያ ቀና ይላል። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች፣ እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች፣ በፖስት ካርዱም በቲሸርቱም ስለታተሙ ሁሉም የሚፈልገው እነሱን ነው። ፎቶ ያነሳል፣ ይወጣል። የምሥራቁን ግድግዳ ቆሞ ያነበበው ስንቱ ነው? የከተማው ልጅ ራሱ ስንቱ አንብቦታል?

ልል የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ መስታወት ላይ ይሁን ግድግዳ ላይ፣ ለብቻው ተነጥሎ አይነበብም። ከበላዩ ምን አለ? ከሥሩስ? ፊት ለፊቱ ማን ቆሟል? በየትኛው በር ላይ ነው የተሣለው? ትርጉሙ ያለው እዚያ ነው።

እስቲ ከሩቁ ልጀምር። ፈረንሳይ አገር ሻርትር የምትባል ከተማ አለች። የካቴድራሏ መስኮቶች አብዛኞቹ ከ1200 እስከ 1235 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የተሠሩ ናቸው። የቅዱስ ላሊበላ ዘመን ነው እንግዲህ። ከመስኮቶቹ አንዱ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ይዟል። ንባቡ የሚጀምረው ከታች ነው። ግርጌው ላይ ጫማ ሰፊዎች ሥራቸውን ሲሠሩ ይታያሉ፤ መስኮቱን የሰጡት እነሱ ናቸው ይባላል። ከእነሱ በላይ ሰውዬው ከኢየሩሳሌም ወጥቶ ወደ ኢያሪኮ ይወርዳል። ወንበዴዎች ያገኙታል፣ ይደበድቡታል፣ ልብሱን ይገፍፉታል። ካህኑና ሌዋዊው አይተውት ያልፋሉ። ሳምራዊው ቁስሉን ያስርለታል፣ በእንስሳው ላይ ጭኖ ወደ እንግዶች ማረፊያ ይወስደዋል። እዚህ ድረስ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ነው፣ ማንም ያውቀዋል።

ከዚያ በላይ ግን ሌላ ታሪክ ይመጣል። አዳም ይፈጠራል። ሔዋን ከጎኑ ትወጣለች። ዕፀ በለስን ይበላሉ፣ ከገነት ይባረራሉ። ስለ ሳምራዊው የሚያወራ መስኮት ላይ አዳም ምን ይሠራል?

መልሱን አባቶቻችን አስተምረውናል። ያ ሰውዬ አዳም ነው። ኢየሩሳሌም ገነት ናት፣ ኢያሪኮ ደግሞ ይህ ዓለም። ወንበዴዎቹ አጋንንት ናቸው፤ የጸጋ ልብሱን ገፈፉት። ካህኑና ሌዋዊው ኦሪትና ነቢያት ናቸው፤ ቁስለኛውን አዩት፣ ሊያነሱት ግን አልቻሉም። ሳምራዊው ክርስቶስ ነው። ማረፊያው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ናቸው። የወንጌል ትርጓሜ የሰማ ሰው ይህን ሲያነብ «ይሄንማ አውቀዋለሁ» ማለቱ አይቀርም። ያውቀዋልም። ይህ አተረጓጎም የእኛና የምዕራባውያን ቤተ ክርስቲያን ከተለያዩበት ከኬልቄዶን ጉባኤ በፊት ከነበሩት አባቶች የመጣ ስለሆነ ለሻርትር ሠራተኞችም ለእኛ ሊቃውንትም የጋራ ርስት ነው። እነሱ መስታወት ላይ አሰፈሩት፣ እኛ ደግሞ ጉባኤ ቤት ውስጥ በአንደበት ይዘነው ኖርን። ይህን ያወቅኩ ቀን እንዴት እንደተደሰትኩ መናገር ይከብደኛል፤ ባዕድ የመሰለኝ መስኮት የሚናገረው የራሴን ነበር።

እዚያው ሻርትር ውስጥ፣ በደቡብ በኩል፣ ከትልቁ ክብ መስኮት ሥር አምስት ረጃጅም ጠባብ መስኮቶች አሉ። መካከለኛው ላይ እመቤታችን ልጇን ይዛ ቆማለች። በግራና በቀኝ ባሉት አራቱ ላይ አራቱ ወንጌላውያን በአራት ነቢያት ትከሻ ላይ ተቀምጠዋል። ማቴዎስ በኢሳይያስ፣ ማርቆስ በዳንኤል፣ ሉቃስ በኤርምያስ፣ ዮሐንስ በሕዝቅኤል ትከሻ ላይ ነው። ልጅ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ክብረ በዓል እንደሚያይ ማለት ነው፤ ተሸካሚው ትልቅ ነው፣ አርቆ የሚያየው ግን የተሸከመው ትንሹ ነው። ሐዲስ በብሉይ ላይ መቆሙን ለማስረዳት ስንት ሰዓት ስብከት ይፈጃል? እዚህ አራት መስኮት በቃው።

ይህ ብሉይን ከሐዲስ እያጣመሩ ማሳየት በምዕራባውያን መስኮቶች የተለመደ ነው። ዮናስ ከዓሣው ሆድ ሲወጣ ከትንሣኤው ጎን ይቀመጣል። ይስሐቅ እንጨቱን ተሸክሞ ሲሄድ ከስቅለቱ ጎን ይሆናል። ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብም እንዲሁ። ሐመልማሉ ሳይቃጠል እሳት የያዘው ቁጥቋጦ ከልደት ጋር ይገናኛል። አሁን ደግሞ የሐሙስን ውዳሴ ማርያም አስቡት። ሙሴ በነደ እሳት ውስጥ ያያት ዕፅ ምሳሌዋ የማን እንደሆነ ሕፃን ሆነን በቃላችን የተማርነው ነው። በይስሐቅ ፈንታ የተሠዋው በግ የተያዘበት ዕፀ ሳቤቅም እንደዚሁ፤ የእኛ ሊቃውንት በጉን ለክርስቶስ፣ ዕፁን ለእመቤታችን ይሰጣሉ። እኛ በዜማ የምንለውን እነሱ በመስታወት ብለውታል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚባል ነገር አለ። ሥዕሉ ማንበብ ለማይችል ሰው መጽሐፍ ነው ይባላል። አባባሉ የቆየ ነው፤ በ600 እ.ኤ.አ. ገደማ የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ የማርሴይ ጳጳስ ለነበረውና ሥዕሎችን ላጠፋው ሴሬኑስ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ አለ። ፊደል የማያውቁ ሰዎች መጽሐፍ ላይ ሊያነቡት የማይችሉትን ግድግዳው ላይ አይተው ያነቡታል ይላል። እውነት አለው። እኔ ግን ግማሽ እውነት ነው እላለሁ። የሻርትርን መስኮት ምንም ያልተነገረው ሰው ቢያየው አዳምና ሳምራዊው ለምን አንድ ላይ እንደሆኑ በራሱ አይደርስበትም። አንዳንዱ መስኮት ደግሞ ከፍታው ራሱ ዝርዝሩን አያሳይም። ስለዚህ ሥዕሉ መምህር ይፈልጋል። የሰማ ሰው ያየውን ያስታውሳል፣ ያየ ሰው የሰማውን አይረሳም። ሁለቱ ሲለያዩ ሥዕሉ ጌጥ ይሆናል፣ ትምህርቱም ከጆሮ ወዲያ አያልፍም።

ወደ ጎንደር ልመለስ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የመሠረቱት ከ1682 እስከ 1706 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው። የመጀመሪያው ሕንጻ ክብ ነበር፣ አሁን የምናየው አራት ማዕዘን ሕንጻ ከእሳቸው በኋላ የመጣ ነው። ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ ጦር በ1888 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲያቃጥል ይህ ቤተ ክርስቲያን የተረፈው ንብ ወጥቶ ወራሪውን ስለመለሰው ነው ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ ስሰማውም አይሰለቸኝም። ያን ጊዜ ከነሥዕላቸው የነደዱትን አድባራት ሳስብ፣ የተረፈውን አለማንበባችን የባሰ ያስቆጨኛል።

የምሥራቁ ግድግዳ ወደ መቅደሱ የሚያስገባው ነው። ከላይ ሥላሴ አሉ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጽሕማቸው ነጭ፣ መልካቸው አንድ፣ ልብሳቸው አንድ። ከሥራቸው ስቅለት ነው። መጀመሪያ ላዩን እንየው። በምዕራባውያን መስኮት ብዙ ጊዜ አብ ሽማግሌ ሆኖ፣ ወልድ በመስቀል ላይ ሆኖ፣ መንፈስ ቅዱስ ርግብ ሆኖ ይሣላል። የእኛ ሠዓሊ ሦስቱንም አንድ አድርጎ ነው የሣላቸው። ማን አብ ማን ወልድ እንደሆነ በዕድሜ መለየት አይቻልም። የማይቻለውም እንዳይቻል ታስቦ ነው፤ በአካል ሦስት፣ በመለኮት አንድ፣ ማንም ማንን በዘመን የማይቀድም። ምሥጢረ ሥላሴን ለማስረዳት ቃል ሲያጥረን ሦስት አንድ ዓይነት ፊት ይደግፈናል።

ቀጥሎ ወደ ታች ውረዱ። ከሥላሴ ሥር ስቅለት፣ ከስቅለት ሥር የመቅደሱ መግቢያ። ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። እኔ የማነበው እንዲህ ነው። ከላይ ያሉት ከሦስቱ አንዱ ወረደ፣ በመስቀል ላይ ሥጋውንና ደሙን ሰጠ፣ ያው ሥጋና ደም ደግሞ በዚህ በር ይወጣላችኋል። ካህናቱ ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው ሲወጡ ከበላያቸው ያለው ሥዕል ያን ጊዜ የሚሆነውን ነገር ይናገራል። ያንኑ የስቅለት ሥዕል ሙዚየም ወስዳችሁ ነጭ ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉት ቆንጆ የጎንደር ዘመን ሥዕል ይሆናል። በሩ ግን የለም። ግማሹ ንባብ ጠፋ።

የስቅለት ሥዕሎቻችን ውስጥ ደግሞ ቶሎ የማይታዩ ነገሮች አሉ። ከመስቀሉ ግርጌ የራስ ቅል ካያችሁ የአዳም ነው። ክርስቶስ የተሰቀለው አዳም በተቀበረበት ቦታ ነው ይላል ትውፊታችን፣ ደሙም ወርዶ ያን አፅም ይነካዋል። ሻርትር ላይ ሳምራዊውንና አዳምን ያገናኘው ሐሳብ እዚህ በአንድ የራስ ቅል ተጠቃሏል። ከላይ በግራና በቀኝ ፀሐይና ጨረቃ አሉ፤ ፀሐይ ጨልማለች፣ ጨረቃ ደም ለብሳለች። በዕለተ ዓርብ ከተደረጉት ሰባቱ ተአምራት ሁለቱ ናቸው። መላእክቱ ጽዋ ይዘው ደሙን ይቀበላሉ። ጎኑን በጦር የወጋው ለንጊኖስ ዓይኑ የታወረ ነበር፣ ደሙ ሲነካው በራለት። ሠዓሊው ይህን ሁሉ አንዲት ሸራ ላይ አስገብቶታል።

ዓይን ካነሳን አይቀር፣ በባህላዊ ሥዕላችን ውስጥ ጻድቃኑ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ነው የሚሣሉት። ክፉዎቹ፣ ሰይጣንም ሆነ ይሁዳ ወይም ሰቃዮቹ፣ ብዙ ጊዜ በጎናቸው ዞረው በአንድ ዓይን ይታያሉ። ይህን አንድ ሕግ የያዘ ልጅ ማንም ሳይነግረው ማን ከማን ወገን እንደሆነ ያውቃል። የአውሮፓ መስኮት ላይም የራሱ ሕግ አለ፤ በቅድስቱ እራት ላይ ሁሉም ሐዋርያት የብርሃን አክሊል ኖሯቸው አንዱ ከሌለው፣ ያ ይሁዳ ነው።

የለመድናቸው ሥዕሎችም ቢሆኑ ቆም ብሎ ማየት ይፈልጋሉ። ታኅሣሥ 19 የምናከብረውን አስቡ፤ ሠለስቱ ደቂቅ በእቶኑ እሳት ውስጥ። እኛ ጋ ቅዱስ ገብርኤል በክንፎቹ አቅፏቸው ይታያል። ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተው ነው ያሉት፣ ይጸልያሉ። ከመውጣታቸው በፊት እሳቱ ውስጥ ሆነው እያመሰገኑ መሆኑን ልብ ያለ ሰው ያን ሥዕል በኋላ ሌላ አድርጎ ያየዋል።

የሰጪዎች ነገርም ደስ ይለኛል። የሻርትር ጫማ ሰፊዎች መስኮታቸው ግርጌ ላይ እንደተሣሉ ሁሉ፣ እቴጌ ምንትዋብ ጣና ላይ ባሠሯት ናርጋ ሥላሴ ውስጥ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ንግሥት ናቸው፣ ቦታቸው ግን ታች ነው። ዛሬ በየአድባራቱ ሥዕሎች ሥር የምናነበው «ያሠሩት እገሌና ቤተሰባቸው» የሚለው ጽሑፍ የዚያ ዘር ነው። ነውር የለበትም። ፊደሉ ከቅዱሱ ስም ሲበልጥ ግን ያስከፋኛል፣ በግልጽ ልናገር።

አሁን ወደ ብርሃኑ። መስታወትና ግድግዳ በብርሃን ጉዳይ ጠባያቸው ለየቅል ነው። በ1140ዎቹ እ.ኤ.አ. ፓሪስ አጠገብ የቅዱስ ዴኒስ ገዳም አበምኔት የነበረው ሱዤ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያድስ ግድግዳውን ከፍቶ በባለቀለም መስታወት ሞላው። የሚታየው ብርሃን ልብን ወደማይታየው ብርሃን ይወስዳል ብሎ ያምን ነበር። እንደዚያ ዓይነት ሥዕል ውጭ ፀሐይ ከሌለ ይጠፋል፤ ሲመሽ ጥቁር ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ወፍራም ነው፣ መስኮቱ ትንሽ፣ ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ። በጧፍና በበር በሚገባ ብርሃን ነው የሚታየው። በኪዳን ሰዓት፣ ገና ሳይነጋም፣ ሥዕሉ አለ። ለእኛ ሥርዓት ይሄኛው ይስማማል ብዬ አምናለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ለሚቆም ሕዝብ በሌሊት የሚጠፋ ሥዕል አይሆነውም።

እንዲህ ስል ግን መስታወት አይግባ ማለቴ አይደለም። ገብቷልም። አዲስ አበባ ያለው መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መስኮቶች ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች በመስታወት ተሠርተዋል። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ደግሞ አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ሥራ አለ፤ የአፍሪካን ትላንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። አፈወርቅ ሦስቱን ክፍሎች ያደረጓቸው እንደ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ አንዱን ነጥላችሁ ብታዩት አይገባችሁም። በመስታወት የኢትዮጵያን ነገር መናገር እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አዳዲስ በሚሠሩ አብያተ ክርስቲያናት መስኮት ላይ ከኢንተርኔት የወረደ ሥዕል በስቲከር ታትሞ ሲለጠፍ አያለሁ። ወርቃማ ፀጉር ያለው ጌታ፣ ከጎኑ ከሌላ ሠዓሊ የተወሰደ እረኛ፣ ቀጥሎ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መልአክ። የትኛው ከየትኛው በፊት እንደሚመጣ ያሰበበት የለም፤ መስኮቱን የለካው ሰው ነው ቦታውን የወሰነው። ስቲከሩም አይቆይም። በእውነተኛው ባለቀለም መስታወት ቀለሙ መስታወቱ ሲቀልጥ አብሮ የሚገባ ነው፤ ለሰማያዊው ኮባልት፣ ለቀዩና ለአረንጓዴው መዳብ ይጨመራል፣ ቁርጥራጮቹ ከተቆረጡ በኋላ በእርሳስ ይያያዛሉ። ፊትና ልብስ የመሳሰለው ጥቁር መስመር ደግሞ ላዩ ላይ ተሥሎ በእሳት ይተኮሳል። ለዚህ ነው ስምንት መቶ ዓመት ቆይቶም ያልደበዘዘው። የእኛ ፀሐይ የፕላስቲክ ስቲከርን ምን እንደሚያደርገው ሚኒባስ ላይ የተለጠፈውን ያየ ሁሉ ያውቃል።

የግድግዳ ሥዕል ያለበት የቆየ ቤተ ክርስቲያን ላይ ደግሞ ሰፊ መስኮት መክፈት ጉዳት አለው። ቀለሙ በቀጥታ ብርሃን ይደበዝዛል። ጣሪያ ማፍሰሱ ሳያንስ ፀሐይ መጨመር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከመጣ ከግንበኛው በፊት የቅርስ ባለሙያ ይጠየቅ።

አዲስ ለሚሠራው ግን ሐሳብ አለኝ። ኮሚቴው መስታወት ቤት ከመሄዱ በፊት መሪጌታውንና የመጻሕፍት መምህሩን ይዞ ይቀመጥ። በሰሜን ግድግዳ ብሉይ፣ በደቡብ ሐዲስ ይሁን፣ ፊት ለፊት ይተያዩ። የሚነደው ዕፅ ከልደት ጋር፣ መናው ከምሴተ ሐሙሱ የጌታ እራት ጋር፣ ይስሐቅና በጉ ከስቅለት ጋር፣ ዮናስ ከትንሣኤ ጋር። አሣሣሉ የራሳችን ይሁን፤ ትልልቁ ዓይን፣ ቀዩና ቢጫው፣ ጥቁሩ ድንበር ለመስታወት የተፈጠረ ነው የሚመስለው፤ በእርሳስ የሚያያዝ መስታወት የሚፈልገውም እንዲህ ያለ ደማቅ መስመር ነው። የምሥራቁ ግድግዳ እንደ ቀድሞው በቀለም ይሣል፣ መስኮት አይከፈትበት። የሰጪው ስም በትንሽ ፊደል ከታች ይግባ። ገንዘቡ ለሁለት መስኮት ብቻ ከበቃም ሁለቱ፣ ይስሐቅና ስቅለት፣ በደንብ ይሠሩ፤ የቀሩት እስኪደርሳቸው ድረስ ነጭ መስታወት ይደረግባቸው።